ከሬዲዮ ማይክሮፎን ወደ ዓለም አቀፍ የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢነት፤ የኮምላ ዱሞር መንገድ ለሌላው ይሠራል?

ጠያቂ፦ የማለዳ ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ። በሬዲዮ ዜና በማንበብና የማለዳ ዝግጅት በመምራት ቆይቻለሁ፤ ምኞቴ ግን ዓለም አቀፍ የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ መሆን ነው። ሰሞኑን የጋናዊውን የኮምላ ዱሞርን የሥራ ሕይወት ስከታተል፣ አክራ በሚገኘው ጆይ ኤፍኤም የትራፊክ ሁኔታ ይዘግብ የነበረ ሰው የማለዳውን ዝግጅት ከመራ በኋላ ወደ ቢቢሲ ተሻግሮ ለመላው ዓለም ዜና እስከማቅረብ መድረሱ አስገረመኝ። ስሙ የገነነው በጦር ሜዳ ዘጋቢነት አይደለም። የሥራ ባልደረቦቼ ግን በመጀመሪያ በውጭ ዘጋቢነት ስም ያላወጣ ሰው በዚያ ወንበር አይቀመጥም ይሉኛል። ለመሆኑ ትክክለኛው መነሻ የትኛው ነው? እንግሊዝኛዬ መጥፎ ባይሆንም የአነጋገር ቃናዬ የየት አገር ሰው እንደሆንሁ ወዲያው ያሳብቃል፤ ይህስ እንቅፋት ይሆናል?

መልስ፦ የቁጥጥር ክፍል

ውድ ጠያቂ፣ የትራፊክ ዘገባውን እንደ ትንሽ ነገር ያለፉት ይመስለኛል። የትራፊክ ዘጋቢ የተጻፈ ነገር በእጁ ሳይኖር፣ ያየውን በዚያችው ቅጽበት ወደ ዐረፍተ ነገር ለውጦ፣ በተሰጠችው አጭር ጊዜ ጀምሮ የሚጨርስ ሰው ነው። የቀጥታ ሥርጭት አዘጋጅ ሆኜ ስለምሠራ ይህ ችሎታ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ በየዕለቱ አያለሁ። መልከ መልካምና ድምፀ መረዋ የሆኑ፣ ጽሑፉ ከፊታቸው ካለ አንዲት ቃል የማይስቱ አንባቢዎች አሉ፤ ጽሑፉ ሲጠፋ ግን አብረው ይጠፋሉ።

ተመልካቹ የሚያየው አንድ ሰው ረጋ ብሎ ሲናገር ነው። በዚያው ቅጽበት በአቅራቢው ጆሮ ውስጥ ዳይሬክተሩ ሰከንድ ይቆጥራል፤ አዘጋጁ ደግሞ የሚቀጥለው እንግዳ መስመር ስለተቋረጠ ወደ ሌላ ዘጋቢ እንደሚዞሩ ይነግረዋል። አቅራቢው ይህን ሁሉ እየሰማ፣ በአፉ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ሳያደናቅፍ ጨርሶ፣ ያላሰበውን ሰው ስሙንና ያለበትን ቦታ ጠርቶ መቀበል አለበት። ቴሌፕሮምፕተር (ጽሑፉን ከካሜራው ፊት የሚያሳየው መሣሪያ) የሚያገለግለው ዜናው በታሰበለት መንገድ ሲሄድ ብቻ ነው። ሰበር ዜና ሲመጣ በእጅ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በእርሱም የታወቀውንና ገና ያልተረጋገጠውን እየለዩ ሰዓታት መግፋት ግድ ይላል።

ዱሞር ይህን የተማረው በሬዲዮ ነው ብዬ አምናለሁ። የማለዳ ዝግጅት ሲመራ ባለሥልጣንን ፊት ለፊት ጠይቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የጋና ጋዜጠኞች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ጋዜጠኛ ብሎ የሸለመውም ገና የአገሩ የሬዲዮ ሰው ሳለ ነበር። በጋና ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂና ሳይኮሎጂ፣ በሃርቫርድ ኬኔዲ ስኩል ደግሞ የሕዝብ አስተዳደር ማጥናቱንም አይርሱ። ወደ ቢቢሲ ሲገባም ዘሎ ካሜራ ፊት አልቆመም፤ መጀመሪያ ያቀረበው ኔትወርክ አፍሪካ የተባለውን የሬዲዮ ዝግጅት ነው። በ2009 አፍሪካ ቢዝነስ ሪፖርት፣ በ2012 ደግሞ ፎከስ ኦን አፍሪካ በቴሌቪዥን ሲጀመሩ አቅራቢያቸው እርሱ ሆነ። በታኅሣሥ 2013 ኔልሰን ማንዴላ ሲያርፉ በደቡብ አፍሪካ ተገኝቶ ዘገባውን ከመሩት አንዱ ሲሆን፣ ያ ወቅት ለቀናት የሚዘልቅ የቀጥታ ንግግር የሚጠይቅ ነበር። ማንበብ ብቻ የሚችል ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ አይወጣውም።

መልስ፦ የውጭ ዴስክ

ከላይ ስለ ስቱዲዮው ሥራ የተጻፈውን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ድምዳሜው ላይ ግን አልስማማም። አንደበተ ርቱዕነት ወንበሩ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። በወንበሩ ላይ የሚያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያም ተጠያቂው ሲዋሽ የማወቅ አቅም ነው።

ክርስቲያን አማንፑርን ይውሰዱ። ሲኤንኤን በ1980 ሥርጭት ከጀመረ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ አትላንታ በሚገኘው ዋና መሥሪያ ቤት በዓለም አቀፍ ዜና ዴስክ በረዳትነት ተቀጠረች። ከዚያ በኋላ የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት፣ ቀጥሎም ቦስኒያን ዘገበች። በ1994 ከቦስኒያ ዋና ከተማ ከሳራዬቮ በቀጥታ ሥርጭት የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ክሊንተንን ስለ ቦስኒያ ፖሊሲያቸው መዋዠቅ ስትጠይቃቸው፣ ጥያቄው ክብደት ያገኘው ከተከበበችው ከተማ ሆና በመጠየቋ ነው። በስሟ የሚጠራውን ዕለታዊ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት የጀመረችው በ2009 ነው፤ ከቅጥሯ እስከዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ያህል መሆኑን ልብ ይበሉ። በመስከረም 2022 ኒው ዮርክ ላይ የኢራኑን ፕሬዚዳንት ራይሲን ልታነጋግር ተዘጋጅታ ሳለ የራስ መሸፈኛ እንድታደርግ በተጠየቀች ጊዜ እምቢ አለች፤ ቃለ መጠይቁም ቀረ። እንዲህ ያለ እምቢታ ከጀማሪ አቅራቢ አይጠበቅም፤ አቅም የሰጣት ከኋላዋ ያለው የሥራ ዘመን ነው።

ስለዚህ ምክሬ፣ ስቱዲዮውን ከመመኘትዎ በፊት ከስቱዲዮ ይውጡ የሚል ነው። የግድ ጦርነት መሆን የለበትም፤ ምርጫ፣ ፍርድ ቤት ወይም የገበያ ቀውስ ቢሆንም አንዱን ጉዳይ ከሥሩ የሚያውቁ ሰው ይሁኑ።

መልስ፦ አንቴና

ሁለታችሁም የግለሰቡን ብቃት ብቻ ነው የመዘናችሁት። በዚህ ሙያ ውስጥ በር የሚከፈትበት ዘመን አለ፤ በሩ ሲከፈት ተዘጋጅቶ መገኘት የዕድል ግማሽ ነው። አልጀዚራ እንግሊዝኛ በኅዳር 2006 ሲጀመር ከዶሃ፣ ከኳላ ላምፑር፣ ከለንደንና ከዋሽንግተን ያሠራጭ ስለነበር፣ ከተለያየ አገር የመጡና የተለያየ ቃና ያላቸው አቅራቢዎች ያስፈልጉት ነበር። ዱሞርም ቢሆን ቢቢሲ የአፍሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅቶቹን በሚያስፋፋበት ወቅት ነው የወጣው። ተሰጥኦውን ማሳነሴ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ቀድሞ ቢወለድ ኖሮ ግን ያ ሁሉ ተሰጥኦ ከአክራ ውጭ የሚሰማበት መድረክ ባላገኘ ነበር።

ስለ ቃናዎ አይጨነቁ። ዱሞር ጋናዊነቱን በአንደበቱ አልደበቀም፤ እንዲያውም ከሚወደድባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። አድማጭ የሚቸገረው ቃላቱ ሲዋጡ፣ ፍጥነቱ ልክ ሲያጣና የሰዎች ስም ሲበላሽ ነው። ሦስቱም በልምምድ ይስተካከላሉ። የሌላ አገር ሰው ለመምሰል ተብሎ የሚለበስ ቃና ግን ሰበር ዜና ሲመጣ ይወልቃል፤ ያኔ ተመልካቹ ሁለት ሰው የሚሰማ ይመስለዋል።

አንድ ተጨባጭ ነገርም ልጠቁም። ዱሞር በጥር 2014 ለንደን ውስጥ በ41 ዓመቱ በድንገት ካረፈ በኋላ ቢቢሲ በስሙ ለአፍሪካ ጋዜጠኞች ሽልማት አቋቁሟል። የመጀመሪያዋ ተሸላሚ፣ በ2015፣ ኡጋንዳዊቷ ናንሲ ካኩንጊራ ነበረች፤ በ2018 ደግሞ ኬንያዊው ዋይሂጋ ምዋውራ አሸንፏል። ተሸላሚዎቹ ለንደን ሄደው ከቢቢሲ ባልደረቦች ጋር ለተወሰነ ጊዜ የመሥራት ዕድል ያገኛሉ። የቀደሙት ተሸላሚዎች በየአገራቸው የሠሩትን ሥራ ፈልገው ቢመለከቱ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈለግ ከማንኛችንም ምክር በተሻለ ይረዳሉ።

ጠያቂ፦ የማለዳ ድምፅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የውጭ ዴስክ ያሉት ትንሽ አስደንግጦኛል፤ ግን ሳልቀበለው አልቀርም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር፦ ለአንድ ጣቢያ የሥራ ናሙና በምልክበት ጊዜ ምን ማካተት አለብኝ? እስካሁን ያዘጋጀሁት በስቱዲዮ ዜና ሳነብ የሚያሳይ፣ በጥሩ ብርሃን የተቀረጸ ምስል ነው።

መልስ፦ የቁጥጥር ክፍል

እርሱን ወደ መጨረሻው ይውሰዱት፣ ያውም አጭር አድርገው። የናሙና ምስል የሚመለከት አዘጋጅ ትዕግሥቱ አጭር ስለሆነ፣ መክፈቻው ላይ የቀጥታ ቃለ መጠይቅ ያድርጉ፤ በተለይ እንግዳው ጥያቄውን ሸሽቶ እርስዎ በትሕትና መልሰው የያዙበትን ክፍል ሳይቆርጡ ያስገቡ። መቆራረጥ ስሕተት እንደደበቁ ያስጠረጥራል። ምስል ከሌለዎት የሬዲዮውን ድምፅ አብሮ መላክ ነውር አይደለም።

መልስ፦ የውጭ ዴስክ

በዚህ እንኳ ተስማምተናል። ከቃለ መጠይቁ ቀጥሎ ግን ከቦታው ሆነው ያቀረቡት አንድ ዘገባ ይኑር፤ የሬዲዮ ቢሆንም ችግር የለውም፣ እርስዎ ራስዎ የደረሱበት መረጃ ያለበት እስከሆነ ድረስ።