የአማቴ አርባ በገና ጾም ውስጥ ዋለ፤ እንዴት እናስብ?

ምራት ከሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የባለቤቴ አባት ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ዓርብ ምሽት 1 ሰዓት ላይ እዚሁ ሜሪላንድ አረፉ። ከአዲስ አበባ ጓዛችንን ጠቅልለን የመጣነው እርሳቸው አጠገብ ለመሆን ነበር። ምራቴ ብለውኝ አያውቁም፣ ልጄ ነበር የሚሉኝ፤ እኔም አባባ ነበር የምላቸው። ፍትሐትም ቀብርም እዚሁ ተፈጽሟል።

ስለ አርባቸው ልጠይቅ። አዲስ አበባ ያሉ እህታቸው መርዶውን የሰሙት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለነበር ከኅዳር 13 ጀምረው ቆጥረው አርባው ታኅሣሥ 22 ነው ይላሉ፤ እኛ 21 ላይ ደረስን። የቱ ነው ልኩ? ደግሞ ያም ሆነ ይህ ጾም ነው፣ ቀኑም የሥራ ቀን ነው። ወደ 80 ሰው ይመጣል። ድፎውን እኔ እጋግራለሁ ብያለሁ፤ በዚህ አገር ምድጃ ግን ትልቅ ድፎ ጋግሬ አላውቅም። ስለ መቃብር ድንጋያቸውም የሚያውቅ ካለ ቢመክረን ደስ ይለናል።


የሰንበት ተማሪ፦

ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

የእናንተ ቆጠራ ልክ ነው። ያረፉበት ዕለት ራሱ አንድ ተብሎ ይጀመራል። ኅዳር 12ን አንድ ካላችሁ ኅዳር 30 ዐሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ ታኅሣሥ 21 አርባ ይሞላል፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 30፣ ማክሰኞ። የእህታቸው ቆጠራ የተለየው በስምንቱ ሰዓት ልዩነት ብቻ ነው። ያረፉትም ፍትሐት የተደረገላቸውም እዚህ ስለሆነ የዚህ ቀን ይያዝ። እህታቸው እዚያ በ22 ቢያስቧቸው ግን አትከልክሏቸው፤ ጸሎት በዝቶ ማንንም አይጎዳም። እዚህ አገር የባሰው ስሕተት ሌላ ነው፤ ቀብር አንዳንዴ ሳምንት ስለሚዘገይ ሰው ከቀብሩ ቀን ይጀምርና አርባው አርባ ሰባት ወይም አርባ ስምንት ይሆናል።

ማክሰኞ መዋሉ አያስጨንቃችሁ። በየወሩ 21 የእመቤታችን በዓል ስለሆነ በማርያም ስም በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። በአጥቢያችሁ ከሌለ በአቅራቢያ ወዳለው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ከአሁኑ ደውሉ፤ በጾም ቅዳሴው ዘግይቶ ስለሚገባ ሰዓቱንም አብራችሁ ጠይቁ። ወደ ቀደመው እሑድ እናምጣው ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ታኅሣሥ 19 ነው፣ የገብርኤል ዓመታዊ በዓል። ያን ቀን አዳራሹም፣ መኪና ማቆሚያውም፣ ትርፍ ጊዜ ያለው ካህንም ማግኘት ከባድ ነው።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ አርባውን በዕለቱ በቅዳሴ፣ በጸሎተ ፍትሐትና በዳቦ አስቡት፤ ሰው ተጠርቶ የሚበላበትን ተዝካር ወደ ሰማንያቸው አዙሩት። ሰማንያቸው የካቲት 1 ቀን ይውላል፣ ፌብሩዋሪ 8፣ እሑድ። የነነዌ ጾም ጥር 27 ላይ ያልቃል፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ስለዚህ መካከል ላይ የወደቀ የፍስክ እሑድ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሁልጊዜ አይገኝም፣ አታሳልፉት።

ለካህኑ የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፤ በጸሎት የሚነሣው እርሱ ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ የአባታቸውን የክርስትና ስም አያውቁትም፤ እህታቸውን አሁኑኑ ጠይቁ። ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ ቀደም ብላችሁ አስረክቡ። ዘቢቡ ለቅዳሴው ወይን የሚውል ስለሆነ የማሸጊያውን ጀርባ አንብቡ፤ እዚህ አገር እንዳይጣበቅ የሱፍ ዘይት የሚቀቡት ዘቢብ አለ፣ እርሱን ተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ተዝካር መጀመሪያ የነዳያን ነው። እዚህ በር ላይ ነዳይ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ከወጪያችሁ ከፍላችሁ ለእህታቸው ላኩና በ22ቱ ደጀ ሰላም ያሉትን ያብሉ። የእርሳቸውም ቀን እንዲሁ ቦታውን ያገኛል።


የዳቦ ነገር፦

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ወደ ድፎው ልግባ።

ሌላ ምግብ ከሌለ ለ80 ሰው ሁለት ድፎ በቂ ነው፤ ለሰው ከ100 ግራም በላይ ይደርሰዋል። ለአንዱ ድፎ፦ ለዳቦ የሚሆን ነጭ ዱቄት 3 ኪሎ፣ ለብ ያለ ውሃ 1.9 ሊትር፣ ፈጣን እርሾ 15 ግራም፣ ጨው 50 ግራም፣ ዘይት 150 ሚሊ ሊትር፣ ጥቁር አዝሙድ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ የተፈጨ ድንብላል 1 የሾርባ ማንኪያ። ጾም ስለሆነ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል የለበትም። ውሃውን በአንድ ጊዜ አትጨምሪው፤ ግማሽ ሊትር ያህል አስቀሪና እያየሽ ጨምሪ።

ለኮባ ምትክ የእስያና የላቲን ሱቆች ውስጥ በረዶ ቤት ያለ የሙዝ ቅጠል አለ። በረዶው ሲለቅ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ከዚያ በእሳቱ ላይ ፈጠን አድርገሽ አሳልፊው። ቀለሙ ጠቆር ብሎ ማብረቅ ሲጀምር ይለሰልሳል፤ ይህን ከዘለልሽው ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ሊጡ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ድስቱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው። ከመግዛትሽ በፊት የምድጃሽን ውስጥ በሜትር ለኪ፤ ሙቀቱ እንዲዞር በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት መቅረት አለበት። ጆሮ ያለው ድስት ደግሞ በሩን አያዘጋም።

በታኅሣሥ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ ለመነሣት 4 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መብራቱ ብቻ የበራ ምድጃ ውስጥ አስቀምጪው፣ ወደ 2 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ቅጠሉ ላይ ከገለበጥሽው በኋላ ሌላ 45 ደቂቃ ያህል ይረፍ። በጣት ስትነኪው ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል። ቶሎ ከተመለሰ ገና ነው፤ እንዲህ እያለ ከገባ ጎኑ ይፈነዳል።

ትልቁ ስሕተት ሙቀት ማብዛት ነው። አገር ቤት እሳቱ ከላይም ከታችም ነው፣ ረመጡም እየበረደ ይሄዳል። የዚህ አገር ምድጃ አብዛኛውን ከታች ስለሚያነድ 425 ፋራናይት ላይ ካደረግሽው ሥሩ ከሰል ይሆናል፣ መሐሉ ሊጥ ይቀራል። 350 ላይ አድርጊ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ባዶ ትሪ አስገቢበት፣ ድፎውን በቅጠል፣ ከላዩ ደግሞ በፎይል ሸፍነሽ ለ1 ሰዓት ተዪው። ከዚያ ፎይሉን አንሺና ከ25 እስከ 35 ደቂቃ ጨምሪ። የሥጋ ቴርሞሜትር መሐሉ ላይ ስትወጊ 200 ፋራናይት ካነበበ በስሏል። ላዩን አይተሽ አትፍረጂ፤ ድፎ በላዩ ያታልላል።

ታኅሣሥ 20 ጋግሪና በሽቦ መደርደሪያ ላይ ቢያንስ 5 ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከዚያ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልዪ፤ ፕላስቲክ ውስጥ ካደረ ቅርፊቱ ይረጥባል። ቤት ውስጥ አትቁረሺው፣ ካህኑ ባርከው ይቆርሱታል።


ምራት ከሜሪላንድ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ተዝካሩን ወደ ሰማንያው አዞርነው፤ የክርስትና ስማቸውንም እህታቸው ነገሩን፣ እኛ አናውቀውም ነበር። ለየካቲት 1 ጠላ ልንጠምቅ እናስባለን፣ ጌሾ አለን። መቼ እንጀምር?


ድፍድፍ፦

ጥር 14 ጀምሩ። ለ20 ሊትር የተወቀጠ ጌሾ 600 ግራም፣ ብቅል 800 ግራም፣ ከ2 ኪሎ የገብስ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ፣ የተፈጨ አሻሮ (የተቆላ ገብስ) 3 ኪሎ። በመጀመሪያው ቀን ጌሾውን ከሩብ ብቅል ጋር በ4 ሊትር ውሃ ጠንስሱ። ጥር 17 ቂጣውን ፈርፍራችሁ ከቀረው ብቅል ጋር ጨምሩ። ጥር 21 አሻሮው ይገባል፣ ወፍራም ድፍድፍ ሆኖ ሳምንት ይቀመጣል። ጥር 28 ውሃውን ሙሉበት፣ ጥር 30 አጥልሉ።

ውሃው ከሱቅ በጋሎን የሚሸጠው የምንጭ ውሃ ይሁን፤ የቧንቧው መድኃኒት እርሾውን ያዳክመዋል። ዕቃው ለምግብ የተፈቀደ፣ 35 ሊትር የሚይዝ ይሁን፣ ገብሱ ራሱ ቦታ ይበላል። ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ አየሩ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ቤቱ ከ70 ፋራናይት በታች ከሆነ መፍላቱ ይዘገይና ሆምጣጣ ይሆናል፣ ማሞቂያው አጠገብ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ሁለት አዋቂ ባለበት ቤት በፌዴራል ሕግ በዓመት እስከ 200 ጋሎን መጥመቅ ይፈቀዳል፣ መሸጥ ግን የተከለከለ ነው። የተከራያችሁት አዳራሽ ግን የራሱ ደንብ ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልፈቀዱ ብርዝ ይበቃል።


የ12 ዝክር፦

ያረፉት በሚካኤል ቀን ስለሆነ በየወሩ 12 ቀን አንዲት ትንሽ ዳቦ ጋግራችሁ በስማቸው ዝከሩ፤ ግማሽ ኪሎ ዱቄት ይበቃል። ለልጆች ከትልቁ ተዝካር ይልቅ ይህ ነው አያታቸውን የሚያቆይላቸው።

ሌላም አስቸኳይ ነገር አለ፤ የስልክ መስመራቸውን አትዝጉ። መስመሩ ሲዘጋ እርሳቸው ስልክ ላይ የተቀመጡ የድምፅ መልእክቶች ይጠፋሉ፤ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥርም የሚመጣው በዚያው ነው። መጀመሪያ ግን የአንቺንና የባለቤትሽን ስልክ እዩ፤ እርሳቸው የተዉላችሁ ድምፅ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። በአይፎን መልእክቱን ነክታችሁ ማጋሪያውን ተጫኑና ወደ ፋይሎች አስቀምጡት። በቴሌግራም የላኩትንም ድምፅ አንድ በአንድ አውርዱ። እያንዳንዱን ፋይል በቀኑና በሁለት ቃል ሰይሙት፤ ያለ ስም የተቀመጠ ሃምሳ ፋይል ከዓመት በኋላ ማንም አይከፍተውም። ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።


ፊደል በድንጋይ፦

ነፍስ ይማር። ሙት ዓመታቸው ኅዳር 12 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ ይውላል፤ ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው። ድንጋዩ ለዚያ እንዲደርስ ግንቦት ላይ እዘዙ። ከማዘዛችሁ በፊት የመቃብር ቦታውን ደንብ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ አንዳንዱ ክፍል ከመሬት እኩል የሚተኛ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ መጠኑንና መሠረቱን ማን እንደሚሠራም እነርሱ ይወስናሉ። ቆሞ የሚታይ ድንጋይ ገዝቶ በር ላይ መመለስ አለ።

ጽሑፉን በወርድ ፋይል አትላኩ። የጠራቢው ኮምፒውተር የአማርኛ ፊደል ከሌለው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ የባሰው ደግሞ ሌላ ፊደል ተክቶ መውጣቱ ነው፣ ማንበብ ስለማይችል አያየውም። ፊደሉ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ በፒዲኤፍ ይላክ፤ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይሁን። እግሩና አንገቱ ቀጭን የሆነ ፊደል በግራናይት ላይ ይሰበራል፤ ወፈር ያለ ምረጡ፣ ቁመቱም ከ1 ኢንች አይነስ። ዞር ስትሉ ሊጠፋችሁ የሚችለው የ«ቸ» እና የ«ጀ» አናት፣ የ«ሟ» እና የ«ቧ» እግር ነው፤ እነዚህን በአጉሊ መነጽር እዩ።

ዓመተ ምሕረቱን ከአሜሪካ ወረቀታቸው ላይ አትገልብጡ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8፤ ብዙ ሽማግሌ ደግሞ በወረቀቱ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። በግዕዝ ቁጥር ከፈለጋችሁ ያረፉበት ዓመት ፳፻፲፰ ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱን አቆጣጠር አንድ መስመር ላይ አታደባልቁ።

የመጨረሻውን ናሙና በድንጋዩ ልክ በወረቀት አሳትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ ፊደል በፊደል ይጥራ፣ ሌላው ያርም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ ዓይን የለመደውን ያነባል፣ የተጻፈውን አያይም። ከዚያ ፎቶውን ለእህታቸው ላኩ። አባታቸው ስማቸውን በ«ሐ» ይሁን በ«ኀ»፣ በ«ጸ» ይሁን በ«ፀ» ይጽፉት እንደነበር የሚያስታውሱት እርሳቸው ናቸው፤ እሺ ሳይሉ አትፈርሙ።