ታሮት ላይ የተንጠለጠለው ሰው ደጋግሞ ይወጣብኛል፤ ሥዕሉን እንዴት ልየው?

የሐምሌ ዝናብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው። የሥራ ባልደረባዬ ለልደቴ የታሮት ካርድ ሰጠችኝ፤ ብዙ ሰው ዕጣ የሚጠይቅባቸው ባለ ሥዕል ካርዶች ናቸው፤ በብዛት የሚሸጠው ራይደር ዌይት የሚባለው ነው። ዕጣ ልጠይቅበት አይደለም። ማታ ማታ አንድ ካርድ አወጣና ሥዕሉን እያየሁ ስለ ውሎዬ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። 12ኛው ካርድ ግን አስቸገረኝ። በአንድ እግሩ ታስሮ ቁልቁል የተንጠለጠለ ወጣት ነው። ደጋግሞ ይወጣል። አብራ የመጣችው ትንሽ መጽሐፍ ጥበብ፣ ፈተና፣ መሥዋዕትነት ምናምን ብላ ታልፈዋለች። እኔ ደግሞ የነርስነት ማስረጃዬ እውቅና እስኪያገኝ እየጠበቅኩ ነው። ካርዱ በወጣ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። እንዴት ነው ማንበብ ያለብኝ? ካርዱ ራሱ ተገልብጦ ሲወጣስ?

ሠዓሊው

እህቴ፣ መጽሐፏን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊያትና ፊቱን እዪው። ይህ ሰው የተሠቃየ ይመስላል? አይመስልም። ረጋ ብሏል። ራሱን የከበበው ብርሃን ደግሞ ቅዱሳን ሥዕል ላይ የምናውቀው ዓይነት ነው። ቀጥሎ እንጨቱን እዪ። ደረቅ ግንድ አይደለም፣ ቅጠል አውጥቷል። ብዙ ሰው ገመዱን አይቶ ቅጠሉን ያልፈዋል።

ሥዕሉን የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ካርዱ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1909 ወጣ። ሐሳቡን የሰጣት አርተር ኤድዋርድ ዌይት ራሱ ስለዚህ ካርድ ሲጽፍ፣ እንጨቱ ሕያው መሆኑንና ፊቱ ላይ ያለው ተመስጦ እንጂ ሥቃይ አለመሆኑን አስምሮበታል። ስለዚህ የሞት ምልክት አድርገሽ አትውሰጂው። ሞት የሚባለው ካርድ ለብቻው አለ፣ 13ኛው ነው። እሱም ቢሆን እንደ ስሙ አያስፈራም፣ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው።

ያልታሰረውን እግሩንም እዪው። ከታሰረው ኋላ አጥፎ አሳርፎታል። እየተወራጨ ያለ ሰው እግሩን እንዲህ አያደርግም።

ወለተ ሚካኤል

ልጄ፣ አትቀየሚኝና እኔ ደስ አላለኝም። እኛ ሰፈር ሲኒ የሚያዩ ሴቶች ነበሩ። እነሱም ሲጀምሩ ለጨዋታ ነው ይሉ ነበር። ዘዳግም ምዕራፍ 18 ላይ ሟርትና ጥንቆላ የተከለከለ መሆኑን ታውቂያለሽ። ራስን መመርመር ከፈለግሽ የንስሐ አባትሽ አሉ። ቁልቁል የተሰቀለ ስትይ ግን ቅዱስ ጴጥሮስ ትዝ አለኝ። እሱን ይሆን እንዴ የሣሉት?

የታሪክ ተማሪ

እማማ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ ካርዱ ግን ጴጥሮስን አይደለም የሚያሳየው። መነሻው ሰሜን ጣሊያን ነው፣ 15ኛው ክፍለ ዘመን። ያኔ ታሮት የመጫወቻ ካርታ ነበር። ለጥንቆላ በሰፊው መዋል የጀመረው ቆይቶ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ነው።

ሰውዬው በመጀመሪያ ከሃዲ ነበር። በጣሊያን ከተሞች አገሩን የከዳ ወይም ዕዳውን በልቶ የጠፋ ሰው በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ በአደባባይ ግድግዳ ላይ ይሣል ነበር፤ ለማዋረድ። እ.ኤ.አ. በ1440 ፍሎረንስ ላይ አንድሪያ ዴል ካስታኞ የሚባል ሠዓሊ እንዲህ ያለ ሥዕል ስለሠራ የተሰቀሉት ሰዎች አንድሪያ የሚል ቅጽል ስም ተለጠፈበት። ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለ አንድ ጥንታዊ ካርድ ላይ ደግሞ የተንጠለጠለው ሰው በሁለት እጁ የገንዘብ ከረጢት ይዟል። ይሁዳን ማሰብ አያስቸግርም።

ስለዚህ ብርሃኑና እርጋታው ኋላ የተጨመሩ ናቸው። ለእኔ ካርዱን የሚያስወድደኝ ይሄ ነው። ሊያዋርዱት የሰቀሉት ሰው ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ።

መገልበጡን በተመለከተ፣ ካርዱን አዙረሽው ታውቂያለሽ? ሰውዬው በአንድ እግሩ የቆመ፣ እንዲያውም የሚጨፍር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብላን የተባለ ፈረንሳዊ ካርዱን ያተሙት ሰዎች በስሕተት ገልብጠውት ነው፣ ትክክለኛው ቆሞ የሚያስብ አስተዋይ ሰው ነው ብሎ ተከራክሯል። ይኸው ሰው ታሮት የመጣው ከጥንታዊት ግብፅ ነው ብሎም ጽፏል። ለዚያ ማስረጃ የለም።

ቀጥታ ተናጋሪ

ደጋግሞ ይወጣል ላልሽው፣ መጀመሪያ ካርዶቹን በደንብ በውዢያቸው። አዲስ ካርድ እርስ በርስ ይጣበቃል። 78ቱንም ጠረጴዛ ላይ ፊታቸውን ደፍተሽ እንደ ዶሚኖ ቀላቅያቸው። ከዚያ በኋላም ቢወጣ አጋጣሚ ነው። ማስረጃሽ መቼ እንደሚደርስ አንድ ካርቶን አያውቅም።

ሌላው፣ ኢንተርኔት ላይ ይህ ካርድ በወጣ ቁጥር ታገሺ፣ ልቀቂ፣ እጅ ስጪ ይሉሻል። እኔ አልስማማም። በስደት ላለች ሴት ታገሺ የሚል ሰው ሞልቷል! ካርድ ሊጨምርባት አይገባም። እጆቹን እዪ፣ ከጀርባው ናቸው። ይታሰሩ አይታሰሩ ሥዕሉ ላይ አይታይም። እኔ ብሆን የምጽፈው ስለዚያ ነው። ከዚህ ጉዳይ ውስጥ የእኔ እጅ የሚደርስበት የቱ ነው? የማይደርስበትስ? ያሰረኝን ገመድ ማን ቋጠረው? መልሱ ራሴ ነኝ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ስልክ ይደወላል እንጂ አይታሰላሰልም።

የሐምሌ ዝናብ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅጠሉን እውነትም አላየሁትም ነበር። እማማ ወለተ ሚካኤል፣ አልተቀየምኩም፤ የንስሐ አባቴን አማክራለሁ፣ የሚሉኝንም እሰማለሁ። የእጁን ጥያቄ ትናንት ማታ ጻፍኩበት። እውቅናው በእኔ እጅ አይደለም። የጀርመንኛ ቋንቋ የቢ2 ደረጃ ፈተናው ግን በእጄ ነው፤ ዛሬ ልመዘገብ ነው። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ እስከዚያው ካርዱን ከሌሎቹ ካርዶች መሃል ላውጣው ወይስ ልተወው?

ሠዓሊው

የሚያስጨንቅሽ ከሆነ አውጪው፣ ምንም አይደለም። ሲቀልሽ ትመልሺዋለሽ። ወይም ደግሞ ሌሎቹን አስቀምጪና እሱን ብቻ ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛሽ ላይ አቁሚው። እኔ ሥዕል ስማር እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ አንድ ሥዕል ላይ እስኪሰለች መቆየት። በሦስተኛው ቀን ገደማ ፍርሃቱ አልቆ ስለ ጫማው ቀለም መጻፍ ትጀምሪያለሽ። ቢጫ ነው።

ወለተ ሚካኤል

ለፈተናው እግዚአብሔር ይርዳሽ ልጄ። ውጤቱን ሳትነግሪን እንዳትቀሪ።