የካሳ ጥያቄው ረቂቅ፦ ያለአግባብ ታስረን የተፈታን አባላት የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ስላለው ኃላፊነት በሚናገረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 እና ኢትዮጵያ በ1985 በተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 9(5) ላይ ቆሟል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ስላደረገ፣ ምክር ቤቱን የምንጠይቀው ያለአግባብ የታሰረ ሰው ካሳ የሚያገኝበትን ዝርዝር ሕግ እንዲያወጣ ነው።

የልደታ አባል፦ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ተዘሏል። በቁጥር 2143 የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ በማረፊያ ቤት ሆኖ ቀጠሮ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በየትኛው እጁ ይከስሳል? ይርጋው በነጻ ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ ይቆጠር የሚል ይግባ።

የፒያሳ አባል፦ መጀመሪያ የስም ዝርዝሩ ይስተካከል። በእስር ዘመን ርዝመት ተደርድሮ ጥቂት ወር የታሰሩት መጨረሻ ገጽ ላይ ተጥለዋል። ሥራዬንም ትዳሬንም ያጣሁት በእነዚያ ወራት ነውና በፊደል ተራ ይሁን።

የአራት ኪሎ አባል፦ ዓመታት የታሰረ ሰው ስሙ በ«ፀ» ስለጀመረ ግርጌ ይውረድ?

የፒያሳ አባል፦ መከራችንን በዓመት የምትመዝኑት ከሆነ ስሜን አውጡልኝ።

የካዛንቺስ አባል፦ በዕድሜ ይሁን።

የአራት ኪሎ አባል፦ በዕድሜም አልስማማም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለፎቶ ኮፒ የተዋጣው ገንዘብ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የውሳኔ ግልባጮቹን ከመዝገብ ቤት አወጣለሁ ያለው አባል ስልክ አያነሳም። የማይችል ከሆነ በግልጽ ይንገረንና ሌላ ሰው እንተካ።

የልደታ አባል፦ ወንድሜ የፒያሳው፣ ስምህ አይወጣም፤ ቃላችን ከብዶህ ከሆነ ይቅር በለን። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። የመፈቻ ወረቀቴ «በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ ይፈታ» ከማለት በቀር ንጹሕ መሆኔን አይናገርም። ቀጣሪዎች ያንን መስመር አንብበው ይመልሱኛል።

የፒያሳ አባል፦ እኔንም እንዲሁ። ንጹሕነታችንን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከሁሉ ይቅደም።

የካዛንቺስ አባል፦ እደግፋለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው የደብዳቤው ጥያቄ 1ኛ ይሆናል፤ ካሳው በአባሪ ይያያዛል። የስም ዝርዝሩን ቅደም ተከተል እሑድ እንነጋገርበታለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ካሳው አባሪ ከሆነ አልፈርምም። ለጠበቃ ክፍያ ብዬ የሸጥኩትን ቤቴን ማኅተም አይመልስልኝም፤ ይርጋውም እስከ እሑድ አይጠብቀንም።