41 ሚሊዮን አሃዝ ያለው ፕራይም ቁጥር እንዴት ተረጋገጠ?

ጠያቂ፦ አዳማ ላይ 9ኛ ክፍሎችን አስጠናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ስለተገኘው ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ቁጥር፣ ስለ 2^136279841 − 1 ነገርኳቸው። አንዷ "ቲቸር፣ ለስንት ለስንት አካፍለው ነው ያወቁት?" ብላ አፋጠጠችኝ። ምን ልበላት?

መልስ 1፦ በማካፈልማ የማይታሰብ ነው! ለእንዲህ ዓይነት ቁጥሮች ሉካስ-ሌህመር የሚባል ዘዴ አለ። በ31 አሳያት፤ 2^5 − 1 ነው። ከ4 ተነስ። በራሱ አባዛው፣ 2 ቀንስ፣ ለ31 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። 14 ይመጣል፣ ቀጥሎ 8፣ ቀጥሎ 0። 5 ሲቀነስ 2፣ 3 ዙር መሆኑ ነው። መጨረሻው ዜሮ ከሆነ ፕራይም ነው፤ ካልሆነ አይደለም።

መልስ 2፦ ብቻ አርቢው (በ2^5 ላይ 5 ማለት ነው) ፕራይም ስለሆነ እንዳይሸወዱ። 2^11 − 1 ማለት 2047 ነው፤ 23 ሲባዛ በ89።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ቅዳሜ 2^7 − 1ን ራሳቸው ይሰሩታል። 5 ዙር፣ ያለ ካልኩሌተር።