ክርክር፦ ሞክታር ሉቢስ ሽልማቱን መመለሱ ልክ ነበር?

ዶሴ፦ የዛሬው ሰውዬ ኢንዶኔዥያዊ ነው። ሞክታር ሉቢስ ይባላል፤ የ«ኢንዶኔዥያ ራያ» ጋዜጣ አዘጋጅና የልብ ወለድ ደራሲ። በፕሬዚዳንት ሱካርኖ ዘመን ከ1956 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወደ 9 ዓመት ገደማ በቁም እስርና በወህኒ ኖሯል። በዚያው መሀል፣ በ1958፣ የፊሊፒንሱን የማግሳይሳይ ሽልማት ተሸለመ። በ1995 ያው ሽልማት ለአገሩ ልጅ ለደራሲው ለፕራሙዲያ አናንታ ቱር ሲሰጥ ግን፣ «እንግዲያውስ የእኔን ውሰዱት» ብሎ መለሰ። ልክ ነበር?

ቀበና፦ በፍጹም! የታሰረ ሰው በታሰረ ሰው ላይ እንዴት ይጨክናል? ፕራሙዲያን ሱካርኖን የተካው የሱሃርቶ መንግሥት ከ1965 ጀምሮ ያለ ፍርድ 14 ዓመት አስሮታል። አብዛኛውን ጊዜ በእስረኞች ደሴት በቡሩ ላይ ነው ያሳለፈው። ወረቀት ሲከለክሉት ልብ ወለዱን ለእስረኞች በቃሉ ነው የተረከው። ሌላ ምን ያድርግ?

የፒያሳዋ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን። ከመታሰሩ ከ1965 በፊትስ? ፕራሙዲያ ለኮሚኒስት ፓርቲው ቅርብ የነበረው የጸሐፊዎችና የከያንያን ማኅበር፣ የሌክራ፣ ሰው ነበር። በ«ቢንታንግ ቲሙር» ጋዜጣ የባህል ገጽ ላይ እነ ደራሲ ሃምካን ሲያብጠለጥል ከርሟል። በ1963 ነጻ ጸሐፊዎች የባህል ማኒፌስቶ ሲያወጡ የዘመተባቸው እሱ ያለበት ጎራ ነው። በዓመቱ ሱካርኖ ማኒፌስቶውን አገደው። ሞክታር ያኔ ታስሮ ነበር። ይህን እርሳው ነው የምትለው?

ቀበና፦ ማብጠልጠልና ቡሩ አንድ ናቸው እንዴ? የሞክታርን ጋዜጣ የዘጋው ፕራሙዲያ አይደለም። መጀመሪያ ሱካርኖ ዘጋው። የመንግሥቱን የነዳጅ ኩባንያ የፔርታሚናን ሙስና ሲያጋልጥ ከርሞ ደግሞ በ1974 ሱሃርቶ ዘጋው። ለነገሩ ፕራሙዲያንም ሱካርኖ አስሮታል፤ ለአገሩ ቻይናውያን ተሟግቶ ስለጻፈ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ዓመቱን ዘለላችሁት። 1995 ማለት የሱሃርቶ መንግሥት «ቴምፖ» መጽሔትን ከዘጋ አንድ ዓመቱ ነው። የፕራሙዲያ መጻሕፍት በአገሩ እንደታገዱ ናቸው። ሽልማቱን ሊቀበል ማኒላ መሄድ እንኳ አልቻለም። እንዲህ የተለጎመን ሰው ነው እንግዲህ ሞክታርን ጨምሮ 26 ሰዎች ፈርመው ሽልማቱን የተቃወሙበት። ማኒፌስቶውን ከፈረሙት አንዱ፣ የ«ቴምፖ»ው ጉናዋን ሞሐመድ፣ ለፕራሙዲያ ነው የቆመው። እሱም እኮ ያ ጎራ የዘመተበት ሰው ነው! ሞክታርን እንደ ጋዜጠኛ አከብረዋለሁ፤ እንደሱ ሁለት መንግሥት የደፈረ ስንት አለ? እዚህ ላይ ግን ክሱን ያቀረበው መልስ መስጠት ለማይችል ሰው ነው።

የፒያሳዋ፦ ጋሼ፣ የጊዜውን ነገር እሺ ብዬልዎታለሁ። ግን ሞክታር የራሱን ሜዳልያ ነው የመለሰው፤ የሰው አልነጠቀም። ፕራሙዲያ እንደሆነ ኋላ ነጻ ሲወጣም «የብዕር ክርክር ነበር» ከማለት አላለፈም።

ቀበና፦ ነጻ ከወጣ በኋላ ጠይቂው፣ አብሬሽ እጠይቀዋለሁ። በ1995 ግን አይደለም።

ዶሴ፦ እኔ ወደ የፒያሳዋ አደላሁ። መመለሱ መብቱ ነው። የከበደኝ የ25ቱ ሌሎች ፊርማ ነው።