«አይቦ»ን ከ21ኛው ምዕራፍ ለመቀጠል እርዳታችሁን እሻለሁ

«አይቦ» የተሰኘውን የጃፓን የመርማሪ ፖሊስ ተከታታይ ድራማ፣ የዋናው መርማሪ የሱጊሺታ ኡክዮ አጋር የሆነው ካሜያማ ካኦሩ ከፖሊስነት ለቆ ሳሩዊን ወደምትባል ልብ ወለድ አገር እስከሄደበት እስከ 7ኛው ምዕራፍ አጋማሽ ድረስ ተመልክቻለሁ። ያ ስንብት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2022 በተጀመረው 21ኛ ምዕራፍ ካሜያማ ወደ ሱጊሺታ ኡክዮ ስለተመለሰ በቀጥታ ወደዚያ ለመዝለል አስቤአለሁ፤ ሆኖም ተከታዮቹ አጋሮች ካንቤ፣ ካይና ካቡራጊ በየተራ ከሱጊሺታ ጋር የሠሩባቸውን ዓመታት ሳላይ ታሪኩን መረዳቴ ያጠራጥረኛል። ጃፓንኛ ስለማልችል ያለ ትርጉም ጽሑፍ መከታተል አይሆንልኝም። ድራማውን የምታውቁ፣ ከመካከለኞቹ ምዕራፎች ፈጽሞ ሊታለፉ የማይገባቸውን ክፍሎች፣ እንዲሁም 21ኛው ምዕራፍ በእንግሊዝኛ ትርጉም ጽሑፍ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝበትን ቦታ ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።