«ሜዳሊያ የሌለው ቤት የአርበኛ ልጅ ነኝ አይበል» ተባልን

የመንዝ ልጅ፦ ሚያዝያ 27 ደብረ ብርሃን ላይ ነበራችሁ? አንዱ ተናጋሪ ተነሥቶ «ሜዳሊያ የሌለው ቤት የአርበኛ ልጅ ነኝ አይበል» አለና ተጨበጨበለት። አያቴ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በየገደሉ ሲንከራተት ለደረቱ ጌጥ ፍለጋ ነበር እንዴ?

ጠራ፦ ቆርጠህ አታምጣ። ሰውዬው ማስረጃ ይቅረብ ነው ያለው። ዛሬ ሁሉም የአርበኛ ልጅ ሆኗል፤ ሸዋ ውስጥ ባንዳ የሚባል አልነበረም ማለት ነው እንግዲህ!

ሞረት፦ «ቤት» ያላትን ቃል ያዙልኝ። ሜዳሊያ ለሰው ነው የሚሰጠው ወይስ ለቤት?

እመት አንኮበር፦ ሚያዝያ 1931 ዘረት ዋሻ ውስጥ ጣሊያን በመርዝ ጋዝ የፈጃቸው ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ቁስለኞች የራስ አበበ ጓዝ ነበሩ። ቤታቸው ከነሰዉ ዋሻ ውስጥ ቀረ። ሜዳሊያውን ማን ወጥቶ ይቀበልላቸው?

ጠራ፦ እትዬ፣ እነሱን ማን ነካ? እኔ የምለው በእነሱ ስም ስለሚነግደው ነው።

እመት አንኮበር፦ ውጭ አገር ለከረመው እንኳ የስደተኛ ሜዳሊያ ተሰጥቶታል። ለአርበኛ ስንቅ ስትፈጭ የከረመችዋ ናት ማስረጃ የምትጠየቀው?

ሞረት፦ እሱንስ ተዪው፤ ስደትም መከራ ነው።

የመንዝ ልጅ፦ መጣ ደግሞ የስደተኛ ጠበቃ!

የቃኘው ልጅ፦ አባቴ ኮሪያ ዘምቷል፤ ሜዳሊያው ሳጥን ውስጥ አለ። የዘመተበት ቃኘው ሻለቃ የስም ዝርዝር ነበረው፤ 121 ሰው መሞቱ በስም ይታወቃል። የዱሩን ማን መዘገበው? አለቃው ከሞተ ምስክሩም አብሮ ሞተ።

ጠራ፦ ኮሪያን ምን አመጣው?

መርሐቤቴ፦ ማስረጃ ካላችሁማ አዲስ አበባ ቅርስ ቤት ይሸጣል። ነገ አንድ ገዝቼ የአርበኛ ልጅ ሆኜ ልመለስ?

ጠራ፦ የገዛኸው የአያትህን ስም አይነግርህም።

መርሐቤቴ፦ ያንተ ይነግርሃል? እንዲያው ሪባኑ ላይ ስንት ዘንባባ አለ?

ጠራ፦ ሦስት። በኩራት!

መርሐቤቴ፦ ዘንባባ በአርበኝነት ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ነው፤ ጣሊያን አምስት ዓመት ነው የቆየ። አያትህ ሁለቱን ዓመት የት ነበሩ?

ጠራ፦ አፍህን ሰብስብ።

የመንዝ ልጅ፦ ኧረ ይመልስ! ማስረጃ ይቅረብ አላለም?